ላብ፣ ነፋስና ብጉር፦ የቻይናና የአገራችን ባህላዊ ሕክምና በሳይንስ ሚዛን

ማለዳ ፊቱን ታጥቦ ከመስተዋት ፊት የቆመ ተማሪ ትናንት ማታ ያልነበረ እብጠት በግንባሩ ላይ ሲያገኝ የሚሰማውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ አብዛኞቻችን ያለፍንበት ነው። ታላላቆቻችን «የጉርምስና ምልክት ነው፤ ይጠፋል» ብለው ያልፉታል። ባለ ብጉሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም። ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ወንበር ይሸሻል፤ ፎቶግራፍ ሲነሣ ፊቱን ዘወር ያደርጋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መድኃኒት ይፈልጋል።

መድኃኒት ነኝ ባዩም አይጠፋም። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጎፋ እስከ መካኒሳ፣ ከላፍቶ እስከ ጀሞ ስንዘዋወር በየመዋቢያ ዕቃ መደብሩ መደርደሪያ ላይ ልዩ ልዩ የፊት ክሬሞች ተደርድረው እናያለን። አንዳንዱ ማሸጊያ በላዩ የቅጠልና የሥር ሥዕል አለበት፤ ጽሑፉ በቻይንኛ ነው፤ ሻጩም «ከዕፅዋት የተሠራ ነው፤ ጉዳት የለውም» ይላል። ቤት ስንገባ ደግሞ እናት ወይም አክስት እሬት ቆርጠው፣ ሎሚ ጨምቀው ወይም ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ይጠብቁናል። የሩቅ ምሥራቁም ሆነ የጓሯችን መድኃኒት ስለ ራሱ የሚያቀርበው ማስረጃ አንድ ነው፤ እርሱም «ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው» የሚል ነው። ለመሆኑ የመድኃኒት ዕድሜ ስለ ፈዋሽነቱ ምን ያህል ይነግረናል? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በብጉር አማካይነት እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብጉር ምንድን ነው?

ብጉር ከብጉንጅም ከማድያትም የተለየ ነው። መነሻው የፀጉር ሥር የተቀመጠባት ጥቃቅን ከረጢት ናት። ከእያንዳንዷ ከረጢት ጎን ቆዳችንን የሚያለሰልሰውን ወዝ የሚያመነጭ የወዝ ዕጢ አለ። እነዚህ ዕጢዎች በፊት፣ በደረትና በላይኛው ጀርባ ላይ ይበዛሉ፤ ብጉርም የሚወጣው በእነዚሁ ስፍራዎች ነው።

ብጉር እንዲወጣ አራት ነገሮች ይያያዛሉ። አንደኛ፣ በጉርምስና ጊዜ በወንድም በሴትም አካል ውስጥ የሚጨምሩት አንድሮጅን የተባሉ ሆርሞኖች የወዝ ዕጢዎችን ያሳድጓቸዋል፤ የወዙም መጠን ይበዛል። ሁለተኛ፣ የከረጢቷን አፍ የሚሸፍኑት የቆዳ ሕዋሳት እንደ ወትሮው ተራግፈው በመውጣት ፈንታ እርስ በርስ ይጣበቁና ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ሦስተኛ፣ ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለው፣ በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ በተዘጋውና ወዝ በሞላበት ስፍራ ይመቸዋል። አራተኛ፣ የሰውነታችን የመከላከያ ሥርዓት ይነሣል፤ ስፍራው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ መግልም ይቋጥራል።

የተደፈነው ቀዳዳ አፉ ክፍት ከሆነ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ጥቁረቱ ግን እድፍ አይደለም፤ ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለምና ከአየር ጋር የተገናኘው ወዝ የሚፈጥሩት መልክ ነው። ስለዚህ ፊትን በሻካራ ነገር ደጋግሞ መፈተግ ቆዳውን ያስቆጣዋል እንጂ ብጉርን አያጠፋም።

ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 24 ዓመት ከሆኑ ወጣቶች መካከል 85 ከመቶ ያህሉን በአንድ ወቅት የሚያገኛቸው ይኸው ሂደት ነው። እንደ እኛ ባለ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ቆዳው በተቆጣ ቁጥር ሜላኒን በብዛት ስለሚመረት ብጉሩ ከዳነ በኋላ ጥቁር ምልክት ለወራት ይቀራል። ብዙ ወጣቶች ከብጉሩ ይልቅ የሚያማርሩት ይህንን ምልክት ነው። ይህንን በልባችን እንያዝ፤ ቆዳን የሚያስቆጣ ማንኛውም «መድኃኒት» ለእኛ ዋጋው እጥፍ ነው።

ጥንታዊቷ ቻይና ምን አለች?

ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውና «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» ተብሎ የሚታወቀው የቻይናውያን የሕክምና መጽሐፍ ስለ ብጉር ያወሳል። በመጽሐፉ አስተሳሰብ መሠረት ሰው ሠርቶ ሲያልበው ነፋስ ቢመታው ቅዝቃዜው በቆዳው ላይ ያለውን ላብ ያግተዋል፤ የታገተውም ውሎ አድሮ ብጉር ይሆናል።

ይህ ንግግር ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። «ላብህ ሳይደርቅ ነፋስ እንዳይመታህ» ተብሎ ያላደገ ማን አለ? ላብና ፀሐይ ሲገናኙ ይመጣል የሚባለው፣ ትኩሳትና ራስ ምታት እያስከተለ ከንፈር ዙሪያ የሚያቆስለው ምችም በዳማከሴ ቅጠል ጭማቂ የሚታከመው በተመሳሳይ አስተሳሰብ ነው። ያለ ሽቦ በአየር ስለሚተላለፍ መልእክት የሚያወሳ ስም ባለው በነፋስ ስልክ ሰፈርም ነፋስ ዛሬ ድረስ ከበሽታ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች ተመሳሳይ ማብራሪያ ላይ የደረሱት ሁለቱም የሚታየውን ነገር በዓይናቸው ስለተከታተሉ ነው፤ ከቆዳ በታች ያለውን ዕጢ ለማየት ግን ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም።

የቻይና ሐኪሞች በኋለኞቹ ዘመናት ሐሳቡን አስፋፍተውታል። ሐኪሙ በሽተኛውን ያያል፣ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ የደም ሥሩን ምት በጣቱ ይዳስሳል፤ ምላሱንም ይመረምራል። ከዚያም ብጉሩን «የሳንባ ሙቀት»፣ «የሆድ ሙቀትና እርጥበት» ወይም «የደም መርጋት» ብሎ ይመድበዋል። መድኃኒቱ የሚታዘዘው እንደ ምድቡ ነው። በ1742 በተጠናቀቀው «ዪዞንግ ጂንጂያን» በተባለው የሕክምና መድብል ውስጥ ለሳንባ ሙቀት ብጉር የታዘዘው ዋና ቅጠል በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ የምናውቀው የወሽመላ ዛፍ ቅጠል ነው። ከእርሱም ጋር ልዩ ልዩ ሥሮችና ቅርፊቶች ተቀላቅለው ይፈላሉ። አኩፓንክቸር ማለትም በቀጫጭን መርፌ መውጋትና ዋግምትም ከሕክምናዎቹ መካከል ናቸው። አዎን፣ ዋግምት፤ የእኛ አውጪዎች በቀንድ የሚያደርጉትን ቻይናውያን በብርጭቆና በቀርከሃ ያደርጉታል።

የቻይና ሕክምና ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት በ1974 ነው። ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ጋር በሚዋሰነው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም አትሌት ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያገኘችውን ድል በስሙ ያስታውሳል።

ሚዛኑ እንዴት ይሠራል?

ብጉር በራሱ ጊዜ የሚብስና የሚሻል ነገር ነው። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ደግሞ ብጉሩ እጅግ በባሰበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ባያደርግ እንኳ ጥቂት ሊሻለው ይችላል፤ ምስጋናው ግን በዚያ ሰሞን ለተቀባው ነገር ይሆናል። የሳይንስ ሙከራ ሁለት ቡድን የሚያስፈልገው ይህንን ስሕተት ለማስወገድ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በ2007 በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 43 ወንዶች በሁለት ተከፍለው ለ12 ሳምንታት ተመገቡ። አንደኛው ቡድን የደምን ስኳር በፍጥነት ከፍ የማያደርግ ምግብ ሲበላ ሁለተኛው ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ በላ። በመጨረሻ በመጀመሪያው ቡድን የአንድ ሰው ብጉር በአማካይ በ23.5 ቀነሰ። ልብ በሉ፤ በሁለተኛውም ቡድን በ12 ቀንሷል! ሁለተኛው ቡድን ባይኖር ኖሮ መሻሻሉ ሁሉ የምግቡ ውጤት ይመስለን ነበር። ልዩነቱ ግን እውነተኛ ነው፤ ጣፋጭ ነገር «የሆድ ሙቀት» ያመጣል ያሉት የቻይና ሐኪሞች ማብራሪያቸው ሌላ ቢሆንም ትዝብታቸው ከንቱ እንዳልነበረ ያሳያል።

የተቀሩት ሕክምናዎችስ? ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በ2015 ባወጣው ግምገማ በድምሩ 3,227 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 35 ጥናቶች መርምሯል። የዕፅዋት መድኃኒቶች፣ አኩፓንክቸርና ዋግምት በዚህ ግምገማ ውስጥ ተካተዋል። ድምዳሜው እነዚህ ሕክምናዎች ብጉርን እንደሚያድኑ ለመናገር የሚያስችል በቂ ማስረጃ የለም የሚል ነው። ይህ ማለት አያድኑም ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ጥናቶች በአግባቡ ስላልተከናወኑ መልስ ሊሰጡን አልቻሉም ማለት ነው። ተስፋ ካሳዩት ጥቂት ነገሮች መካከል ሜላሌውካ ከተባለው የአውስትራሊያ ዛፍ የሚወጣው ዘይት ይገኛል። በ1990 በ124 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ 5 ከመቶ የሆነው ይህ ዘይት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከተባለው የታወቀ መድኃኒት ጋር ተወዳድሮ ሁለቱም ብጉሩን ቀንሰዋል፤ ዘይቱ ቀስ ብሎ ቢሠራም ቆዳን ያስቆጣው ያነሰ ነው።

ባህላዊ ዕውቀት በዚህ ሚዛን ሲመዘን አንዳንዴ ወርቅ ይገኝበታል። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒት ፍለጋ ከጓደኞቿ ጋር በርካታ ዕፅዋትን መረመረች፤ በ1971 ስኬታማ ከሆነው ናሙና በፊት 190 ናሙናዎች ከሽፈዋል። መፍቻውን ያገኘችው ጌ ሆንግ የተባለው ሐኪም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጻፈው መጽሐፍ ነው። ሐኪሙ ቅጠሉ በውኃ ተነክሮ እንዲጨመቅ ሲያዝ እንዲፈላ አለማለቱን አስተውላ፣ ሙቀት መድኃኒቱን ሳያበላሸው እንዳልቀረ ገመተች፤ በዝቅተኛ ሙቀትም አወጣችው። አርቴሚሲኒን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። በ2015 ለኖቤል ሽልማት አብቅቷታል፤ ኢትዮጵያም ከ2004 ጀምሮ ከዚሁ ዘር የተገኘውን አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ለወባ ቀዳሚ መድኃኒት አድርጋ መርጣለች።

የእኛም ታሪክ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። «ጥንትም እንዲህ ነው» ብለው አላለፉትም፤ እንዶዱን ወደ ላቦራቶሪ ወስደው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው አንድ ነገር ነው። የመድኃኒት ጥንታዊነት ለመመርመር መብት ይሰጠዋል፤ ለመታመን ግን ምርመራውን ማለፍ አለበት።

የጓሯችን መድኃኒቶች

እስቲ የቤታችንን መድኃኒቶች በዚሁ ዓይን እንያቸው። ሎሚ አሲድ ስለሆነ ባክቴሪያን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ሊገድል ይችላል። ነገር ግን ሳህን ቆዳ አይደለም። በሎሚና በመሰል ፍሬዎች ውስጥ ፉሮኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ እነዚህም ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኙ ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ለወራት የሚቆይ ጥቁረትም ይተዋሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለሚኖር የነፋስ ስልክ ተማሪ፣ ሎሚ ተቀብቶ በፀሐይ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ከብጉሩ የከፋ ምልክት መጋበዝ ነው።

የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም ከዚህ አይሻሉም። ሁለቱም ሲደቆሱ የሚያቃጥል የድኝ ውሁድ ያመነጫሉ። ማቃጠሉን «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ብለን እንተረጉመዋለን፤ ቆዳው ግን እየተላጠ ነው። ዋግምት ደግሞ በንጹሕ መሣሪያ ካልተደረገ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል፤ ለጠባሳ ማበጥ በተጋለጠ ቆዳ ላይም የማይጠፋ ጉብታ ይተዋል።

እሬት የተሻለ ተስፋ አለው። በ2014 ይፋ በሆነ የኢራን ጥናት 60 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ትሬቲኖይን ከተባለው የብጉር መድኃኒት ጋር የእሬት ዝልግልግ የተቀቡት ትሬቲኖይንን ብቻ ከተቀቡት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ይሁንና ጥናቱ የተደረገው በአንድ የእሬት ዝርያ ነው። በአገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ የአንዱ ጠባይ ለሌላው አይሠራም። ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው መራራ ቢጫ ፈሳሽም ቆዳን ሊያስቆጣ ስለሚችል ከውስጡ ዝልግልግ ጋር አንድ አድርገን ማየት የለብንም። በደጋማ ተራሮቻችን የሚበቅለው ጦስኝም ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ባክቴሪያን የሚጻረሩ ቅመሞች አሉት፤ ሆኖም ዘይቱ ሳይቀጥን ፊት ላይ ቢደረግ ያቃጥላል።

ቅቤስ? ፀጉርን በቅቤና በወፍራም ቅባት ማራስ የቆየ ውበታችን ነው። ነገር ግን ቅባቱ ወደ ግንባር ሲወርድ በፀጉር ዳርቻ በኩል ጥቃቅን ብጉር ሊያወጣ ይችላል። የፀጉር ቅባት ለሚያመጣው ለዚህ ዓይነቱ ብጉር የቆዳ ሐኪሞች በ1970 ራሱን የቻለ ስም ሰጥተውታል። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ቅባቱን ከግንባር ማራቅና የወረደውን በሳሙና መታጠብ።

ከቅጠሉ ሥዕል በስተጀርባ

ወደ መደብሩ መደርደሪያ እንመለስ። በ1999 በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ለቆዳ ሕመም የተሰጡ 11 የቻይና ዕፅዋት ክሬሞችን በላቦራቶሪ መረመሩ። በስምንቱ ውስጥ ዴክሳሜታዞን የተባለ ጠንካራ ስቴሮይድ ተገኘ። ሰዎቹ «ቅጠሉ ፈወሰን» ሲሉ የነበረው ስቴሮይዱ የሠራውን ሥራ ነበር።

ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ለልዩ ልዩ የቆዳ ሕመሞች የሚጠቅም መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ፊት ላይ ሲደረግ ግን ወጥመድ ይሆናል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እብጠቱን ያበርደዋል፣ ፊትንም ያቀላዋል፤ ተጠቃሚውም ይደሰታል። ከሳምንታት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይጎላሉ፣ ራሱ ስቴሮይዱ አዲስ ብጉር ያወጣል። ክሬሙን ሲያቆሙት ደግሞ ሁሉም ይብሳል፤ ስለዚህ ተመልሰው ይቀቡታል። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ስም ያለበትን ክሬም ለብጉር መቀባት ይህንኑ ወጥመድ ዓይን እያየ መግባት ነው። ስም የሌለበት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ምን እንደያዘ አናውቅምና።

የሚጠጣውም ጥንቃቄ ይሻል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ለመቅጠን የቻይና ዕፅዋት ያለበት እንክብል የወሰዱ በርካታ ሴቶች ኩላሊታቸው ከሥራ ውጪ ሆነ። ምክንያቱ አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ ያለው ተክል ከመድኃኒቱ መቀላቀሉ ነበር። ከዕፅዋት መገኘት ብቻውን የደኅንነት ማስረጃ እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ፊትን በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ሳሙናና በውኃ መታጠብ በቂ ነው። ብጉርን ማፍረጥ እብጠቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጠባሳም ያተርፋል።

ለቀላል ብጉር በሙከራ ከተረጋገጡት መድኃኒቶች መካከል ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ነው። 2.5 ከመቶው ከ10 ከመቶው ባልተናነሰ ይሠራል፤ የሚያስቆጣውም ያነሰ ነው። ጨርቅ ስለሚያነጣ ግን የትራስ ልብስንና የነጠላን ጥለት መጠበቅ ያሻል። አዳፓሊንና ትሬቲኖይን የተደፈኑ ቀዳዳዎችን ይከፍታሉ፤ ማታ ማታ በስሱ ይቀባሉ፤ በእርግዝና ጊዜ ግን አይፈቀዱም። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን ለብቻው ለረጅም ጊዜ መጠቀም ባክቴሪያዎቹን ያለማምዳል። ለከባድ ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ደግሞ በፅንስ ላይ ብርቱ ጉዳት ስለሚያደርስ ከሐኪም ክትትል ውጪ ፈጽሞ አይወሰድም።

ከሁሉም የሚከብደው ትዕግሥት ነው። ዛሬ ያየነው ብጉር ከሳምንታት በፊት ከቆዳ በታች የተጀመረ ነው፤ ስለዚህ የትኛውም መድኃኒት ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ሳይሞላው አይፈረድበትም። በሦስተኛው ቀን ፊትን የሚያጠራ ክሬም ሲያጋጥመን ልንደሰት ሳይሆን ልንጠረጥር ይገባል።

መድኃኒቱን በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከተመዘገቡት መካከል፣ ከመድኃኒት ቤት እንግዛ። ብጉሩ የሚያም ጉብታ ከሆነ፣ ጠባሳ ከተወ ወይም በሴቶች ላይ ከወር አበባ መዛባትና ከፊት ፀጉር መብዛት ጋር ከመጣ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ለነፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ በዘነበወርቅ የሚገኘው፣ በ1965 የተመሠረተውና በቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ባህላዊ መድኃኒት የምንጠቀምም ከሆነ ለሐኪማችን ሳንደብቅ እንንገረው።

ለሳይንስ ክበብ አባላት አንድ የቤት ሥራ ትተን እንሰናበት። የአገራችን አንድ የእሬት ዝርያ ለብጉር ይጠቅም እንደሆነ የሚመረምር ጥናት በወረቀት ላይ ንደፉ። ስንት ሰዎች ይሳተፋሉ? ሁለተኛው ቡድን ምን ይቀባል? ቆጣሪው ማን የትኛውን እንደተቀባ እንዳያውቅ እንዴት ይደረጋል? ስንት ሳምንት ይፈጃል? የሥነ ምግባር ፈቃድስ ማን ይሰጣል? ሐሳቡ ሳይፈቀድ በማንም ፊት ላይ አይሞከር፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። የአድዋው እንዶድ ያገኘውን ጠያቂ የጓሯችን እሬትም ይጠብቃል። ያን ጠያቂ ከእናንተ መካከል እንደምናገኘው ተስፋ እናደርጋለን።